የድሮ የእሽቅድድም ሞተር ፊልም ስትፈልጉ የሚያሳስቷችሁ ነገሮች

አውቶ ኡኒዮን የተባለው የጀርመን ኩባንያ በ1936 ባለ 16 ሲሊንደር የእሽቅድድም መኪና ነበረው። ታይፕ ሲ ይባላል። ሞተሩ 6 ሊትር ሆኖ ከሹፌሩ ጀርባ ነው የተቀመጠው። ጉልበቱ ወደ 520 ፈረስ ይደርሳል። እኔ ይህን ሞተር በዘመኑ ፊልም ላይ ለማየትና ለመስማት ብዙ ሌሊት አምሽቻለሁ። በመንገዴ ላይ የተሳሳትኩትን ልንገራችሁ። ሌላ ሞተር የምትፈልጉም ብትሆኑ ይጠቅማችኋል። ለይቼ ካልጻፍኩ በቀር ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

የሚሰማው ድምፅ የሚታየው መኪና ነው ብሎ ማመን

ከሁሉም የከፋው ይሄ ነው። በ1930ዎቹ ከውድድር ሜዳ የተቀረጸው አብዛኛው የዜና ፊልም ድምፅ አልባ ነበር። የድምፅ መቅጃው ከባድ ስለሆነ በመኪና ተጭኖ ነው የሚሄደው። ስለዚህ ካሜራማኑ ምስሉን ብቻ ይዞ ይመለሳል። ተራኪው፣ ሙዚቃውና የሞተሩ ጩኸት ስቱዲዮ ውስጥ ይጨመራሉ። ጩኸቱ ከመደርደሪያ የሚወጣ ነው። አንዱ ቅጂ ለብዙ ውድድር ያገለግላል። ዓይናችሁ አውቶ ኡኒዮን ሲያይ ጆሯችሁ ሌላ መኪና ይሰማል ማለት ነው።

ዛሬ ደግሞ ብሷል። ሰዎች የድሮውን ፊልም በኮምፒውተር ቀለም ይቀቡታል፣ እንቅስቃሴውን ያለሰልሱታል፣ ከዚያ ከየትም ያገኙትን ድምፅ ይለጥፉበታል። እንዲህ ያለ አንድ ቪዲዮ ለሁለት ወር ያህል እውነተኛ መስሎኝ ደጋግሜ ስሰማው ነበር። የሌላ መኪና ድምፅ መሆኑን ሳውቅ በጣም ነው የከፋኝ። የጫነው ሰው አንድ መስመር ማስታወሻ ቢጽፍ ምን ነበረበት?

እንዴት ታጣራላችሁ? መጀመሪያ ጆሯችሁን ተጠቀሙ። መኪናው ወደ ካሜራው ሲመጣ ድምፁ ቀጠን፣ ካለፈ በኋላ ወፈር ማለት አለበት። ምስሉ ከአንዱ ኩርባ ወደ ሌላው ተቆርጦ ሲዘል ድምፁ ሳይቆረጥ ከቀጠለ ተጠራጠሩ። ሹፌሩ ካምቢዮ የሚቀይርበት ቦታ ሲደርስም ድምፁ ወረድ ካላለ ተጠራጠሩ።

ቀጥሎ ሒሳቡ አለ። እኔ በጣም የምወደው እሱን ነው። በእነዚህ ሞተሮች ላይ እያንዳንዱ ሲሊንደር በሁለት ዙር አንድ ጊዜ ይተኩሳል። ስለዚህ ባለ 16 ሲሊንደር ሞተር በአንድ ዙር 8 ጊዜ ይተኩሳል። ታይፕ ሲ ሙሉ ጉልበቱን የሚሰጠው በደቂቃ 5,000 ዙር ገደማ ላይ ነው። ይህ በሴኮንድ ወደ 667 ምት ይሆናል። ቢአርኤም የተባለው የእንግሊዝ የእሽቅድድም መኪናም በ1950ዎቹ መጀመሪያ ባለ 16 ሲሊንደር ነበር። ሞተሩ ግን 1.5 ሊትር ብቻ ነው፤ እስከ 12,000 ዙር ይሽከረከር ነበር። የእሱ በሴኮንድ 1,600 ምት ነው። ሁለቱም 16 ሲሊንደር ሆነው አንዱ በወፍራሙ ያጓራል፣ ሌላው እንደ ፉጨት ይሰነጥቃል። ኦዳሲቲ የተባለው ነጻ ፕሮግራም ድምፁን በምስል ያሳያችኋል። አውቶ ኡኒዮን በሚል ርዕስ የተጫነ ቪዲዮ ዋና ድምፁ በሴኮንድ 1,500 ምት አካባቢ ከጮኸ ሌላ መኪና ነው። ማይክሮፎኑ ከአንዱ ጎን ማርሚታ (የጭስ ማውጫ) አጠገብ ከነበረ ግን የ8ቱ ሲሊንደር ድምፅ ብቻ ጎልቶ ቁጥሩ ግማሽ ሊሆን ይችላል። ያንን አትርሱ።

አንድ ወጥመድ አለ። በሴኮንድ 24 ክፈፍ (ፍሬም) የተቀረጸ ፊልም በአውሮፓ ቴሌቪዥን በ25 ክፈፍ ነው የሚተላለፈው። ፍጥነቱ በ4 በመቶ ይጨምራል፣ ድምፁም አብሮ ይቀጥናል። 667ቱ ወደ 694 ይሄዳል። ከቴሌቪዥን የተቀዳ ከሆነ ይህን ቀንሱ።

በመኪናው ስም ብቻ መፈለግ

የዜና ፊልም አዘጋጆች ስለ ሲሊንደር ብዛት አይጨነቁም ነበር። መዝገባቸው ላይ የጻፉት ቦታውን፣ ያሸነፈውን ሰው፣ አንዳንዴም ታዳሚ የነበረውን ባለሥልጣን ነው። ስለዚህ በሹፌሮቹ ፈልጉ። ለታይፕ ሲ በርንድ ሮዘማየር፣ ሃንስ ሽቱክ፣ አኪሌ ቫርዚ ናቸው። በቦታው ፈልጉ፤ ኑርቡርግሪንግ፣ ሞንዛ፣ ትሪፖሊ። የቦታው ስም በየቋንቋው እንደሚለያይም አስቡ። ጀርመኖቹ ትሪፖሊን ትሪፖሊስ ይሏታል።

በጣልያንኛ ለመፈለግ አትፍሩ። ጎማ፣ ማኪና፣ ካምቢዮ፣ ማርሚታ የሚሉት የጋራዥ ቃሎቻችን ከዚያው ነው የመጡት። አንድ የአዲስ አበባ መካኒክ የጣልያን የመኪና ጽሑፍ ቢሰጡት ከምታስቡት በላይ ይገባዋል።

ውድድሩ በተካሄደበት ቀን ላይ መቆም

ቫርዚ በታይፕ ሲ የትሪፖሊን ታላቅ ሽልማት (ግራንድ ፕሪ) ውድድር ያሸነፈው ግንቦት 10 ቀን 1936 ነው። እኔ በዚያ ቀን ፈልጌ ምንም አጣሁ። ፊልም ታጥቦ፣ ተቆርጦ፣ ተተርኮበት ሲኒማ ቤት እስኪደርስ ቀናት ይወስዳል። ማህደሩ ብዙ ጊዜ የሚመዘግበው ፊልሙ ለሕዝብ የታየበትን ቀን ነው። ከውድድሩ በኋላ ያሉትን ሦስትና አራት ሳምንታት ሁሉ እዩ።

ስለዚህ ቀን ሌላም የምለው አለኝ። በእኛ አቆጣጠር ግንቦት 2 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። የፋሽስት ጦር አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ነበር። ሙሶሊኒ ኢምፓየር ያወጀው ግንቦት 1፤ የትሪፖሊው ውድድር የተካሄደው በማግስቱ። ሊቢያም ያኔ በጣልያን እጅ ነበረች። በ1924 በሮም የተቋቋመው ኢስቲቱቶ ሉቼ የወረራውን ፊልም የቀረጸ ድርጅት ነው፤ የዚያን ዘመን የጣልያን የዜና ፊልሞችም ያሉት እሱ ጋ ነው። ሞተር ፍለጋ የዚያን ወር ዝርዝር ስከፍት ከትሪፖሊ በፊት ያገኘሁት አዲስ አበባን ነው። ኮምፒውተሩን ዘግቼ ወጣሁ። የተመለስኩት ከሁለት ቀን በኋላ ነው። ሐበሻ ሆኖ እዚያ የሚገባ ሰው ይህን አውቆ ይግባ።

አንዱን ሞዴል ከሌላው ማምታታት

በ1938 ሕጉ ተቀየረ። ሱፐርቻርጀር (አየር በግፊት ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) ያለው ሞተር ከ3 ሊትር እንዳይበልጥ ተባለ። አውቶ ኡኒዮን ባለ 12 ሲሊንደሩን ታይፕ ዲ አመጣ። ዛሬ የታይፕ ዲ ፊልም 16 ሲሊንደር ተብሎ በየቦታው ተጭኗል። መለየቱ ከባድ አይደለም። በታይፕ ሲ ሹፌሩ ወደ ፊት በጣም ተጠግቶ፣ የፊት ጎማዎቹ ላይ ሊወጣ የደረሰ ይመስላል። የነዳጅ ታንኩ ከጀርባው ነው። በታይፕ ዲ ታንኮቹ ወደ ጎንና ጎን ስለሄዱ ሹፌሩ ወደ ኋላ ገባ ብሏል። ሮዘማየር በጥር 1938 ስለሞተ፣ እሱ የሚነዳበት የውድድር ፊልም ታይፕ ዲ ሊሆን አይችልም።

በመኪናው ላይ ያለው ቁጥር ተገልብጦ ከታየ ደግሞ ፊልሙ ግራና ቀኙ ተዛውሮ ነው የተገለበጠው። አስተካክሉና ቁጥሩን ከውድድሩ ተሰላፊዎች ዝርዝር ጋር አመሳክሩ።

አዲስ የተሠራውን መኪና እንደ ድሮው መቁጠር

ከአውቶ ኡኒዮን መኪናዎች ከጦርነቱ በኋላ የተረፉት ጥቂት ናቸው። አብዛኞቹን የሶቪየት ጦር ወስዷቸዋል። ዛሬ በየድሮ መኪና በዓሉ ከሚሮጡት መካከል በእንግሊዝ ክሮስዌይትና ጋርዲነር የተባለው ድርጅት በድሮው ንድፍ እንደገና የሠራቸው አሉ። ሥራው ድንቅ ነው፣ ድምፁም ያስለቅሳል። እንደ ማነጻጸሪያ እጠቀምበታለሁ። በ1936 የተቀዳ ነው ብዬ ግን ለማንም አልሰጥም።

ዩቲዩብ ላይ ማቆም

ብሪቲሽ ፓቴ የተባለው የእንግሊዝ የዜና ፊልም ድርጅት በ2014 ወደ 85,000 ፊልም ዩቲዩብ ላይ ጭኗል። ትልቅ ስጦታ ነው። እዚያ የምታዩት ግን ተቆርጦ ያለቀውን ነው። ለሞተር ወዳጅ የሚጠቅመው ብዙ ጊዜ የተጣለው ነው። ሞተሩ ሲነሳ፣ መካኒኮቹ ሲሯሯጡ፣ ተራኪ የማይናገርበት ግማሽ ደቂቃ። በአሜሪካ የሳውዝ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ፎክስ ሙቪቶን ከተባለው የዜና ፊልም አዘጋጅ እንዲህ ያሉ ቁርጥራጮች ተረክቦ ያስቀምጣል። ከ1928 እስከ 1934 ያሉት በቦታው የተቀዳ ድምፅ ያላቸውም አሉበት። የቡጋቲ ዘመን ሞተሮችን የምትፈልጉ ከዚያ ብትጀምሩ ጥሩ ነው። ለጀርመኖቹ ፊልም የጀርመን ፌደራል ቤተ መዛግብት አለ።

ስትጽፉላቸው «የድሮ መኪና ፊልም አላችሁ ወይ» አትበሉ። የውድድሩን ስም፣ ቦታና ዓመት፣ የሹፌሩን ስም፣ ካገኛችሁት የፊልሙን መለያ ቁጥር ጻፉ። ከዚያ ሁለት ጥያቄ ጠይቁ። ያልተቆረጠው ቅጂ አለ ወይ? ድምፁ የተቀዳው በቦታው ነው ወይስ ስቱዲዮ ውስጥ? ሁለተኛውን ጥያቄ ብዙ ሰው አይጠይቅም። ማህደር ጠባቂዎቹ ደስ ብሏቸው ሲመልሱ አይቻለሁ።

ያገኙትን የፊልም ቆርቆሮ ከፍቶ ማጫወት

ከሰው ቤት የድሮ ፊልም ጥቅል ከደረሳችሁ ፕሮጀክተር ላይ አታድርጉት። ከ1950ዎቹ መጀመሪያ በፊት የተሠራ 35 ሚሊሜትር ፊልም ናይትሬት የተባለው ቶሎ የሚቀጣጠል ዓይነት ሊሆን ይችላል። ናይትሬት አንዴ ከተቀጣጠለ ውሃም አያጠፋውም። ቤተሰብ የሚቀርጽበት 8 እና 16 ሚሊሜትር ይህ አደጋ የለበትም። እሱ ደግሞ ሲበላሽ ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይሸታል፣ ይሸበሸባል፣ ማሽን ውስጥ ሲገባ ይበጣጠሳል። ቀዝቃዛና ደረቅ ቦታ አስቀምጡት። ቆርቆሮው ላይ ያለውን ጽሑፍ ፎቶ አንሱ። ከዚያ ለባለሙያ አድርሱት።