የአሮጌ ኤቲቪ የኋላ ሾክ ሲታደስ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ የተሠሩ የስፖርት ኤቲቪዎች (ባለ አራት ጎማ የሜዳ ሞተሮች) አብዛኞቹ ከኋላ ያላቸው ሾክ አብዞርበር አንድ ብቻ ነው። እሱ ከደከመ ኤቲቪው ጉድጓድ ባለፈ ቁጥር እንደ ፈረስ ኋላውን ያነሣል። ሾኩን ፈትቶ ጎሚኒውን (ዘይት እንዳይፈስ የሚያሽገውን ላስቲክ) እና ዘይቱን መለወጥ ትዕግሥት ላለው ሰው የሚከብድ ሥራ አይደለም። እኔ ግን የመጀመሪያዬን ሦስት ጊዜ ፈትቼ ሦስት ጊዜ ገጥሜያለሁ፤ ሁለቱ በራሴ ጥፋት ነበሩ።

ሳይመረምሩ መፍታት። የሚንኳኳው ሁልጊዜ ሾኩ አይደለም። የኋላውን ጎማ ከመሬት አንሥተው ወደ ላይና ወደ ታች ሲነቀንቁት ላላ ካለ፣ ያለቀው የማያያዣው ኩሽኔታ ወይም ቡሽ ሊሆን ይችላል። አንዳንድ ሾኮች ደግሞ ከፋብሪካ ተበይደው ስለሚወጡ የሚፈቱ አይደሉም።

ጋዙን ሳያስወጡ መክፈት። ይህ ስህተት ሰው ይጎዳል። በሾኩ ገንዳ፣ ማለትም ጋዝና ዘይት በሚይዘው ክፍል፣ ውስጥ ያለው ናይትሮጅን ብዙውን ጊዜ ከ100 እስከ 200 ፒኤስአይ ግፊት አለው፤ የመኪና ጎማ 30 ገደማ ነው። መነጽር አድርገው፣ ፊትዎን ከቫልቩ መልሰው፣ ጋዙን ቀስ ብለው ያስወጡ። ሞላውም እንዲሁ ታምቆ የተቀመጠ ስለሆነ ሞላውን የሚያጠብቁና የሚያላሉ ቀለበቶቹን እስከ መጨረሻ ካላላሉ ወይም የሞላ መጭመቂያ ካልያዙ አይንኩት። ቀለበቶቹን ከማላላትዎ በፊት ግን የሞላውን ርዝመት በሜትር ለክተው ይጻፉ። የማስተካከያ ብሎኖቹንም እስኪቆሙ ድረስ እያጠበቁ ስንት ጊዜ ቀጭ እንዳሉ ይቁጠሩ። ይህን ሳይጽፍ የፈታ ሰው ሲገጥም በግምት ነው የሚሠራው።

ዘንጉን በሞርሳ መያዝ። ዘንጉ የተለበጠበት ክሮም አንድ የሞርሳ ጥርስ ካረፈበት ተበላሸ ማለት ነው። ሞርሳው መያዝ ያለበት የሾኩን ጆሮ (ብሎን የሚያልፍበትን ጫፍ) ብቻ ነው፤ እሱንም በአሉሚኒየም ወይም በእንጨት ሸፍኖ።

የእኔ የመጀመሪያ ጥፋት የመጣው ከዚሁ ዘንግ ነው። አዲስ ጎሚኒ ገጠምኩ፣ ዘይት ሞላሁ፣ ትንሽ ነዳሁት፤ ዘይቱ ተመልሶ ፈሰሰ። ጎሚኒውን ረገምኩት፤ ጥፋቱ ግን የዘንጉ ነበር። በዓይን የማይታይ፣ ዝገት የበላው ነጥብ ጎሚኒውን በሄደ በመጣ ቁጥር እንደ ሞረድ ይልገዋል። ስለዚህ ዘንጉን ጠርገው ጥፍርዎን በርዝመቱ ላይ ይሳቡ። ጥፍር የሚይዝ ቦታ ካለ፣ ያም ጎሚኒው በሚመላለስበት ክፍል ከሆነ፣ ዘንጉ እንደገና ክሮም ይለበጣል ወይም ይለወጣል። ጎሚኒው የማይደርስበት ጫፍ ላይ ያለ ነጥብ ብዙ አያስጨንቅም። መጉበጡን ለማየት ደግሞ በጠፍጣፋ መስታወት ላይ ማንከባለል ይበቃል።

የፒስተኑን ዳዶ በጉልበት መፍታት። ብዙ ጊዜ ዳዶው እንዳይላላ የዘንጉ ጫፍ ተቀጥቅጦ ነው የሚመጣው። የተቀጠቀጠውን በሞረድ ሳያነሡ ከጠመዘዙት የዘንጉን ጥርስ ይዞ ይወጣል። ከዳዶው ሥር የተደረደሩት ስስ ሮንዴላዎች የሾኩን ጠባይ የሚወስኑ ናቸው፤ የአንዲቷ ቦታ ከተለወጠ ሾኩ ሌላ ሾክ ይሆናል። እያወጡ በቅደም ተከተል ሽቦ ላይ ይሰኳቸው፤ የፒስተኑን የላይ ፊት ደግሞ ምልክት ያድርጉበት።

ጎሚኒውን በደረቁ ማስገባት። የዘንጉ ጥርስ ስል ነው። ጫፉን በስስ ፕላስቲክ ጠቅልለው፣ የጎሚኒውን ከንፈር በሾክ ዘይት አርሰው ያሳልፉት። ክፍሎቹን በቤንዚን ማጠብም አይመከርም፤ ቤንዚን ላስቲክን ያሳብጣል።

አየር ማስቀረት። ሁለተኛው ጥፋቴ ይህ ነበር፤ ከችኮላ የመጣ። የሞተር ዘይት ለዚህ አይሆንም፤ አምራቹ የጠቀሰው የሾክ ዘይት ነው የሚገባው። በጣሳው ላይ ያለውን የውፍረት ቁጥር ብቻ ማመንም አያዋጣም፤ የአንዱ አምራች 5 ከሌላው 5 ሊቀጥን ይችላል። ዘይቱን ሞልተው ፒስተኑን ሲያስገቡ በዝግታ ያንቀሳቅሱት፤ ከቸኮሉ አረፋ ይሆናል። ሲሊንደሩን በጎማ መዶሻ መታ መታ ያድርጉ፣ ትንሽ ያሳርፉት፣ ይድገሙት። ዘንጉን በእጅ ሲገፉትና ሲስቡት ግፊቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል መሆን አለበት። አቅጣጫ ሲቀይር ባዶ የሚል ቦታ ካለ አየር ቀርቷል።

በገንዳው ውስጥ ጋዙን ከዘይቱ የሚለይ የላስቲክ ከረጢት ወይም ተንሳፋፊ ፒስተን አለ። ተንሳፋፊ ፒስተን ከሆነ ጥልቀቱ በመመሪያው ልክ ይሁን። ዘንጉ ሲገባ የሚገፋው ዘይት መሄጃ ካጣ ሾኩ መንገዱን ሳይጨርስ ቀጥ ይላል።

በጎማ መንፊያ አየር መሙላት። አየር እርጥበት ይዞ ይገባል፤ ናይትሮጅን ደረቅ ነው። ኦክስጅን ግን ከዘይት ጋር ስለሚፈነዳ በፍጹም አይሞከርም። የገንዳው ጋዝ ጥቂት ስለሆነ በተራ የጎማ መለኪያ በፈተሹት ቁጥር ግፊቱ በጣም ይወርዳል፤ አንዴ በትክክል ከተሞላ ይተዉት።

ከተገጠመ በኋላ ነጂው ሲቀመጥበት የኋላው ክፍል ከሙሉ እንቅስቃሴው ሲሶ ያህል ዝቅ ይበል፤ ካለፈ ሞላውን ትንሽ ያጥብቁ።