ለሚኒ ሚዲያ ልጆች፦ ከምስሉ በፊት ድምፁን

ድሬዳዋ ላይ በየትምህርት ቤታችሁ የቴሌቪዥን ዜና የምትሠሩ የሚኒ ሚዲያ ልጆች፣ ካሜራ የለንም ብላችሁ አትጨነቁ፤ ስልክ ይበቃል። ተመልካች የሚያባርረው መጥፎ ድምፅ ነው። በከዚራ ሰፈር የዛፍ ጥላ ሥር የቆመ እንግዳ ምስሉ ያምራል፤ ግን ባጃጅ ባለፈ ቁጥር ንግግሩ ይዋጣል።

ሁለተኛ ስልክ ፈልጉ። የበረራ ሁነታ ላይ አድርጉት (አለበለዚያ መሃል ላይ እናት ይደውላሉ)፣ የድምፅ መቅጃውን ክፈቱና የእንግዳው ደረት ኪስ ውስጥ ዘቅዝቃችሁ ክተቱት። የብዙ ስልክ ዋና ማይክ ከታች በኩል ስለሆነ ሲዘቀዘቅ ወደ አፍ ይቀርባል። ሁለቱም መቅዳት ሲጀምሩ ካሜራው ፊት አንዴ ጠበቅ አድርጋችሁ አጨብጭቡ። ስታቀናብሩ የጭብጨባውን ድምፅ እጆቹ ከተገናኙበት ምስል ጋር ትገጥማላችሁ፣ አለቀ። ንፋስ ካስቸገረ ስልኩን ቀጭን ካልሲ አልብሱት። የታጠበ ቢሆን ይመረጣል።

ክፍል ውስጥ በፍሎረሰንት መብራት ስትቀርጹ ምስሉ ላይ ጥቁር መስመር ከተርገበገበ ስልኩ አልተበላሸም። የአገራችን ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ስለሆነ (በሰከንድ 50 ዙር)፣ መብራቱም አብሮት ስለሚርገበገብ ነው፤ ቀረጻውን በሰከንድ 25 ፍሬም (ምስል)፣ ሹተሩን (አንዱ ምስል ብርሃን የሚቀበልበትን ጊዜ) 1/50 ሰከንድ አድርጉት። የስልኩ ካሜራ ይህን ካልፈቀደ መስኮት አጠገብ በቀን ብርሃን ቅረጹ።

የውጭ ቀረጻ ጠዋት ይለቅ። በድሬ ቀትር ስልክ ግሎ መሃል ላይ ሊያቆም ይችላል። ግድ ከሆነ ሽፋኑን አውልቁ፣ የስክሪኑን ብርሃን ቀንሱ፣ አንዱ ልጅ ጃንጥላ ይያዝ፤ ለእንግዳው ሳይሆን ለስልኩ።