ፖሊካርቦኔት ክዳን ለምትሠሩ፦ መስታወቱን ትታችሁ ነፋሱን አስቡ

ብርሃን የሚያስገባ የበረንዳ ክዳን የፈለገ ደንበኛ ሱቄ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ መስታወት ነው። ያምራል፣ አልካድኩም። እኔ ግን ካልኩሌተር አወጣለሁ። ባለ 6 ሚሊ መስታወት በካሬ ሜትር 15 ኪሎ ይመዝናል። 3 በ4 የሆነ በረንዳ ላይ 180 ኪሎ ሰቀላችሁ ማለት ነው። ብርሃን የሚያሳልፈው ፕላስቲክ፣ ውስጡ ክፍት ቱቦ የሆነው ባለ 10 ሚሊ ፖሊካርቦኔት ግን በካሬ 1.7 ኪሎ ገደማ ስለሆነ ሁሉም ተደምሮ 20 ኪሎ አካባቢ ነው። ሁለት ልጆች መሰላል ላይ ሆነው ይቀባበሉታል፤ ክዳኑን የሚሸከመው ቱቦላሬም (ውስጡ ክፍት የሆነው ብረት) ቀጠን ማለት ይችላል።

ጥንካሬውን በተመለከተ፣ ድፍኑ ፖሊካርቦኔት በእኩል ውፍረት ከተራ መስታወት 200 እጥፍ ያህል ምት ይችላል። ያልተዋጠለት ደንበኛ ካለ ቁራጭና መዶሻ እሰጠዋለሁ። ባለ ቱቦው ግድግዳው ስስ ስለሆነ በመዶሻ ይጎደጉዳል፤ ቢሆንም ስብርባሪው ቡና በሚጠጣ ሰው ላይ አይዘንብም። ግቢያችሁ ውስጥ ማንጎ ካለ ከዚህ በላይ ማስረዳት የለብኝም።

አይሰበርም ማለት ግን አይጎብጥም ማለት አይደለም። መስታወት ከፖሊካርቦኔት 30 እጥፍ ያህል ግትር ነው። ስለዚህ ማገሩ ከተራራቀ ክዳኑ ይሰረጉዳል፣ ክረምት ላይ ውሃ ያቁራል። እኔ ለባለ 10 ሚሊው የማገሩን ርቀት ከ60 ሳንቲ ሜትር አላሳልፍም። ተዳፋቱንም በእያንዳንዱ ሜትር ቢያንስ 10 ሳንቲ ዝቅ አደርጋለሁ።

አሁን ዋናው ጉዳይ። በሰዓት 70 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ፣ አየሩ ሳሳ ባለበት በባሕር ዳር ከፍታም ቢሆን፣ በካሬ ሜትር 20 ኪሎ ያህል ይገፋል። በእኛ በረንዳ ላይ 240 ኪሎ መሆኑ ነው፤ ክዳኑ ደግሞ 20 ኪሎ! ፊቱ ወደ ጣና የተከፈተ በረንዳ ነፋሱን ከሥር ይቀበላል፤ መስታወት ቢሆን ክብደቱ አብዛኛውን ግፊት ይቋቋም ነበር፣ ይሄኛው ሊነሣ ይፈልጋል። ከቀጭኑ ቱቦላሬ ያተረፋችሁትን ብር ብሎን ላይ አውሉት። በየማገሩ ሰፊ ሮንዴላና ጎማ ያለው ብሎን ይግባ፣ ጠርዝና ጥግ ላይ ጠጋ ጠጋ ይበል። ቋሚውም መሬት ውስጥ በኮንክሪት ይያዝ።

ቀዳዳውን በትራፓኖ ስትበሱ ግን ከብሎኑ ሰፋ አድርጉት፤ ለ6 ሚሊ ብሎን እኔ 10 ሚሊ እበሳለሁ። 6 ሜትር ርዝመት ያለው ክዳን ሙቀቱ በ40 ዲግሪ ሲለዋወጥ 15 ሚሊ ያህል ይረዝማል፣ ያጥራል። መላወሻ ከሌለው ብሎኑ ሥር ይሰነጠቃል። ብሎኑንም ጎማው እስኪነክስ ብቻ እንጂ እስኪጨፈለቅ አታጥብቁ።

ፀሐይ የሚከላከለው ሽፋን አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ወገን ብቻ ነው፤ ጽሑፍ ያለበት ላስቲክ የተለጠፈበት ወገን ወደ ላይ ይሁን። ከተገለበጠ እዚህ ፀሐይ ላይ ቶሎ ቢጫ ይሆናል፣ ይሰባበራል። ላስቲኩን ገጥማችሁ እንደጨረሳችሁ ላጡት፤ ከሰነበተ ተጋግሮ አይላቀቅም።

ቱቦዎቹ ውሃው በሚወርድበት አቅጣጫ ይሁኑ። የመጋዝ ብናኙን በአየር ንፉና የላይኛውን ጫፍ በአሉሚኒየም ቴፕ ድፈኑ፣ የታችኛውን አየር በሚያስወጣ ቴፕ። ክፍት ከተተወ ጉንዳንና አረንጓዴ አልጌ ይገባበታል፣ ከዚያ በኋላ ማጽጃ መንገድ የለም።

ብረቱን አስቀድማችሁ ቀቡና ይድረቅ፤ ቲነር ፖሊካርቦኔትን ይሰነጥቀዋል። ስትወጡበት ማገር ላይ ጣውላ አጋድማችሁ ጣውላውን ርገጡ። ለማጠብ ለስላሳ ጨርቅና ቀለል ያለ ሳሙና ይበቃል፤ አቧራውን ግን መጀመሪያ በውሃ አስወርዱት፣ በደረቁ ካሻችሁት ይጫጫራል።