በወንዝ አፍ የሚኖሩ ፋይቶፕላንክተኖች ናይትሮጅንን እንዴት እንደሚወስዱ ስናጠና ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ወንዝ ከባሕር በሚቀላቀልበት ውኃ የሚኖሩትን በዓይን የማይታዩ አልጌዎች፣ ማለትም ፋይቶፕላንክተኖችን፣ በሚያጠኑ ሰዎች ዘንድ በጣም የተለመደው ስህተት ናይትሮጅን ያለባቸውን ውሁዶች፣ ማለትም ናይትሬትን፣ አሞኒየምንና ዩሪያን፣ ደምሮ «ናይትሮጅን» በሚል አንድ ቁጥር መያዝ ነው። አሞኒየም ወደ ሴሉ እንደገባ በቀጥታ ለአሚኖ አሲድ መሥሪያ ሲውል፣ ናይትሬት አስቀድሞ ወደ ናይትራይት፣ ከዚያም ወደ አሞኒየም መለወጥ ስላለበት ሴሉ ለእያንዳንዱ ናይትሬት 8 ኤሌክትሮኖች ያወጣል። በድምር ቁጥራቸው የተካከሉ ሁለት ውኃዎች ለአልጌው እኩል ማዕድ የማይሆኑት በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው ስህተት ናይትሮጅን በበዛበት ሁሉ አልጌም ይበዛል ብሎ መደምደም ነው። በካሊፎርኒያ፣ ከሳን ፍራንሲስኮ የባሕር ሰላጤ በስተሰሜን ምሥራቅ የሚገኘው ሱሱን ቤይ ናይትሮጅን ሳያጣ ለረጅም ዓመታት አልጌ ያነሰው ውኃ ሆኖ ቆይቷል። ደለሉ ብርሃን ይጋርዳል፤ እ.ኤ.አ. በ1986 የታየው ከእስያ የመጣ ባለ ሁለት ቅርፊት ቀንድ አውጣ መሰል እንስሳም ውኃውን እያጣራ አልጌውን ይመገባል። ተመራማሪዎቹ ሪቻርድ ዱግዴል፣ ፍራንሲስ ዊልከርሰንና ባልደረቦቻቸው በበኩላቸው፣ በአብዛኛው ከከተማ ፍሳሽ የሚመጣው አሞኒየም በሊትር ከ4 ማይክሮሞል ገደማ ሲያልፍ አልጌዎቹ ናይትሬት መውሰዳቸውን እንደሚገታ አመልክተዋል። የእያንዳንዱ ምክንያት ድርሻ እስከ ምን እንደሆነ ተመራማሪዎችን ሲያከራክር ቆይቷል።

አሞኒየም ናይትሬት መውሰድን ይገታል ከሚለው ግኝት ተነሥቶ አሞኒየምን እንደ መርዝ መቁጠር ሌላ ስህተት ነው፤ ምክንያቱም አሞኒየም ራሱ ምግብ ነው። 4 ማይክሮሞልንም በየትኛውም ወንዝ አፍ የሚሠራ ወሰን አድርጎ መውሰድ አይገባም።

እጅግ የሚያሳስበኝ ግን የወንዝ አፉን ውኃ በጠርሙስ ይዘን የአልጌውን አወሳሰድ ስንለካ የሚፈጸመው ስህተት ነው። ናይትሮጅን 15 የተባለው ምልክት፣ ማለትም አወሳሰዱን ለመከታተል የሚጨመረው ከተለመደው ከበድ ያለ የናይትሮጅን ዓይነት፣ በውኃው ከነበረው መጠን አንጻር አብዝቶ ሲጨመር፣ የሚለካው አልጌው በተፈጥሮ የሚወስደው ሳይሆን በተጨመረለት መጠን የተነቃቃው ፍጥነት ይሆናል። ጠርሙሱ ለረጅም ሰዓት ሲቆይ ደግሞ ባክቴሪያዎችና ጥቃቅን እንስሳት አዲስ አሞኒየም እየለቀቁ ምልክቱን ያቀጥኑታል፤ ይህ ካልታረመ የአሞኒየም አወሳሰዱ ከእውነተኛው አንሶ ይታያል። በመጨረሻም ናሙናው የቀዳዳው ስፋት 0.7 ማይክሮን ገደማ በሆነ የመስታወት ክር ማጣሪያ ላይ አረንጓዴ ቡናማ ክብ ሆኖ ሲቀር፣ በዚያ ክብ ውስጥ ከአልጌው ጋር የተያዙ ባክቴሪያዎች አሉ፤ እነርሱም አሞኒየም ስለሚወስዱ ውጤቱን ሁሉ ለአልጌው መስጠት አይገባም።