ውሃ ሲያጥር ማንጎ፣ አቮካዶ፣ ሙዝና ፓፓያ እንዴት እናጠጣ

ድርቅ ሲመጣ ብዙ ሰው ያለችውን ውሃ በየቀኑ ለሁሉም ዛፍ ትንሽ ትንሽ እያደረገ ይረጫል፣ ላዩ ይረጥባል፣ ከሰአት ፀሀይ ትመጠዋለች፣ ስሩ ጋ ግን ጠብ የሚል ነገር የለም። ቀን እየዘለላችሁ አጠጡ፣ ስታጠጡ ግን አጥግባችሁ።

መቼ የሚለውን ቅጠል እያያችሁ አትወስኑ። ሙዝ በተለይ ያታልላል፣ አፈሩ ርጥብ ሆኖም ቀትር ላይ ቅጠሉን ያጥፋል፣ ጧት ላይም ሳይቃና ካገኛችሁት ያኔ እውነትም ጠምቶታል። ከዛፉ ጥላ ጠርዝ ገባ ብላችሁ 30 ሴንቲሜትር ቆፍሩና ከታች አንድ እፍኝ አፈር ጨብጡ፣ እጃችሁን ስትከፍቱ ከተበተነ አጠጡ፣ ድብልብል ብሎ ከቀረ ተዉት (አሸዋማ አፈር ላይ ይሄ ብዙም አይሰራም፣ እርጥበቱን በጣት ዳሱት)።

ስንት ሊትር? 1 ሚሊሜትር ውሃ 1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ነው። የጥላው ስፋት ከዳር ዳር 4 ሜትር ከሆነ 12.5 ካሬ ገደማ ነው፣ ዛፉ በቀን 4 ሚሊሜትር ውሃ ከወሰደ 50 ሊትር፣ በ3 ቀን አንዴ ከሆነ 150 ማለት ነው። ይሄን ሁሉ ግንዱ ላይ እንዳትደፉት፣ ውሃ የሚጠጡት ቀጫጭን ስሮች ያሉት ጥላው ስር ነው። ድሪፕ (ውሃ ጠብ ጠብ የሚያደርግ ቱቦ) ካላችሁ ከግንዱ ግራና ቀኝ 2 መስመር ዘርጉ፣ ማታ ወይ ሊነጋ ሲል ክፈቱት።

ጉዝጓዝ ደግሞ አትርሱ፣ እኔ ከድሪፕም አስበልጠዋለሁ። ገለባም ደረቅ ቅጠልም ይሁን 10 ሴንቲሜትር ያህል አልብሱት፣ ከግንዱ ግን አንድ ስንዝር ይራቅ፣ ከነካው ያበሰብሰዋል።

ለሁሉም ካልበቃ ማንጎን አስቀድማችሁ አስጠሙት፣ ስሩ ጥልቅ ነው፣ እንደውም ከማበቡ በፊት ትንሽ መድረቁ ይጠቅመዋል፣ ፍሬ ከያዘ በኋላ ግን አትጨክኑበት። አቮካዶ ስሩ ላይ ላዩን ስለሆነ ቶሎ ይጎዳል፣ ጨውም አይችልም፣ ውሃችሁ ጨዋማ ከሆነ አልፎ አልፎ ከልኩ በላይ ልቀቁለትና ጨውን ወደታች ይጠበው። ሙዝ ላይ ከስር የሚወጡትን ልጆች ቀንሱ፣ እናትየው፣ አንድ ልጅና አንድ የልጅ ልጅ ይበቃሉ፣ ሌላው ውሃ ሻሚ ነው። ፓፓያ ከጥማቱ ይልቅ ውሃ ሲተኛበት ነው የሚሞተው፣ እኔ ደረቀብኝ ብዬ ዙሪያውን ገድቤ ሞልቼለት በ2 ቀኑ ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ሲንጠለጠል ጠማው ብዬ ደግሜ አጠጣሁት፣ ለካ የጎዳው የተኛበት ውሃ ነበር።