ምግብ መራጭ የባሕር ዓሣን ከተዘጋጀ መኖ ጋር ማላመድ

ወደ መስታወት ገንዳ አዲስ የገባ የባሕር ዓሣ መኖው ከአፉ ፊት እያለፈ ሲወርድ ዝም ብሎ ሲያየው፣ ባለቤቱ ብዙውን ጊዜ «ሲርበው ይበላል» ብሎ ይተወዋል። ለአንዳንድ ዓሦች ግን ይህ የሞት ፍርድ ነው። ለገበያ ከሚቀርቡት የባሕር ዓሦች አብዛኞቹ ከኮራል ሪፍ የተጠመዱ በመሆናቸው እንክብል መኖ አይተው አያውቁም፤ የለመዱት ምግብ የሚንቀሳቀስ፣ የሚሸሽ ወይም በድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ የተሸጎጠ ነው። እንክብሉ ለእነርሱ ከጠጠር አይለይም። ስለዚህ እንክብሉ ምግብ መሆኑን ደረጃ በደረጃ ማሳወቅ ያስፈልጋል፤ ለዚህም የምከተለው ደንብ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መለወጥ ነው። እንቅስቃሴውን ስንለውጥ ሽታውን እንዳለ እንተዋለን፤ ቅርጹን ስንለውጥ ደግሞ ቦታውንና ሰዓቱን አንነካም።

ሥራው የሚጀመረው ከመግዛት በፊት ነው። ሻጩ ዓሣውን ፊታችን እንዲመግበው መጠየቅ ነውር የለውም። ሆዱ ወደ ውስጥ የገባ፣ ከጭንቅላቱ ኋላ ያለው ሥጋ የሰረጎደ ዓሣ ለረጅም ጊዜ ሳይበላ ቆይቷልና ለጀማሪ አይሆንም፤ ነጭና ክር የመሰለ ኩስ የሚጥል ከሆነም የአንጀት ጥገኛ ተውሳክ ሊኖርበት ስለሚችል ሕክምናው መቅደም ይኖርበታል። በሰው እጅ ተፈልፍለው ያደጉ ዓሦች፣ ለምሳሌ ከማርቢያ የመጡ ማንዳሪን የሚባሉ ትናንሽ ዓሦች፣ ከባሕር ከተያዙት ይልቅ የተዘጋጀ መኖ በቀላሉ ይቀበላሉ።

አዲሱን ዓሣ በቀጥታ ከሌሎች ጋር መቀላቀል ትልቅ ስሕተት ነው፤ ፈጣኖቹ መኖውን ሲሻሙ እርሱ ጥግ ይዞ ይቀራል። በለይቶ ማቆያ ገንዳ ውስጥ መደበቂያ የሚሆኑ የፕላስቲክ ቱቦዎችን ማስቀመጥ፣ መብራቱን ማደብዘዝ፣ በመመገቢያ ሰዓት የውሃ ማንቀሳቀሻ ፓምፑን ለጥቂት ደቂቃዎች ማጥፋትና የአየር መስጫውን ግን አለማቋረጥ ይበቃል።

ከዚያ በኋላ ዓሣው በባሕር ውስጥ እንዴት እንደሚያድን ማወቅ ያስፈልጋል። ባለ ረጅም አፍ የሆነው ኮፐርባንድ የተባለው የቢራቢሮ ዓሣ ትላትሎችን ከስንጥቅ እየለቀመ የሚበላ ስለሆነ፣ በውሃ ላይ የሚንሳፈፍ ነገር አይስበውም፤ ክላም የሚባለውን ባለ ሁለት ክዳን ዛጎል ከፍቶ ከነሥጋው ወለሉ ላይ ማስቀመጥ፣ ወይም ማይሲስ የተባለውን ትንሽ ሽሪምፕ መሰል እንስሳ ከትፎ በባለ ቀዳዳ ድንጋይ ውስጥ መጠቅጠቅ ግን ብዙ ጊዜ ይሠራል። ማንዳሪን ደግሞ ቀኑን ሙሉ ኮፔፖድ የሚባሉ ደቃቅ የውሃ እንስሳትን አንድ በአንድ የሚለቅም ዘገምተኛ ዓሣ ነውና፣ መኖው እንዳይበተን ትንሽ የመስታወት ብልቃጥ ወለሉ ላይ አጋድሞ በውስጡ ማቅረብ ያስፈልጋል። አንበሳ ዓሣ የሚወረወረው በሚንቀሳቀስ ነገር ላይ ነው፤ ሕያው ሽሪምፕ ከለመደ በኋላ፣ ከበረዶ የቀለጠ ሽሪምፕ በቀጭን የፕላስቲክ ዘንግ ጫፍ ላይ ሰክቶ ፊቱ ማወዛወዝ ይቻላል። ወርቃማ ዓሣ (ጎልድፊሽ) እንደ መኖ መስጠትን ግን ልማድ ማድረግ አይገባም፤ ቫይታሚን ቢ1ን የሚያፈርሰው ቲያሚኔዝ ስላለበት፣ ውሎ አድሮ አንበሳ ዓሣውን ይጎዳዋል።

የማላመዱ መነሻ ሕያው አርቴሚያ፣ ማለትም በጨዋማ ውሃ የሚኖር ትንሽ ሽሪምፕ መሰል እንስሳ ነው። ዕንቁላሉ ከ26 እስከ 28 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በሚሞቅና አየር በሚነፋበት ጨዋማ ውሃ ውስጥ በ24 ሰዓት ገደማ ይፈለፈላል። የተፈለፈሉት ጫጩቶች የያዙትን አስኳል በሰዓታት ውስጥ ስለሚጨርሱ ወዲያውኑ መሰጠት አለባቸው። ያደገ አርቴሚያ ደግሞ ብቻውን ደካማ ምግብ ነው፤ ቅባት አሲድ ባለው ማበልጸጊያ ውስጥ ቢያንስ ግማሽ ቀን ማቆየት ያስፈልጋል።

ዓሣው አርቴሚያውን ሳያመነታ ሲያሳድድ፣ ከሕያዉ ሦስት እጅ፣ ከበረዶ ከቀለጠ ማይሲስ አንድ እጅ ቀላቅሎ መስጠት ይጀመራል። ማይሲሱን በሙቅ ውሃ ሳይሆን ከገንዳው በተቀዳ ውሃ በኩባያ ማቅለጥ ይሻላል። በፒፔት (በጠብታ መምጠጫ ቱቦ) አንዱን ማይሲስ ከዓሣው ፊት በስተላይ ስንለቅ፣ መጀመሪያ አንድ ዓይኑን ያዞራል፣ ይጠጋል፣ ይጎርሳል፣ ይተፋዋል፣ መልሶም ይጎርሰዋል። መትፋቱ አያስደነግጥ፤ እየቀመሰ ነው። የቀለጠውን ብቻ መዋጥ ሲጀምር፣ ከአፉ ያነሰና የሚሰምጥ እንክብል በማይሲሱ ጭማቂ ለጥቂት ደቂቃ ነክሮና አለስልሶ መደባለቅ ነው። በመኖው ላይ ነጭ ሽንኩርት የሚጨምሩ ብዙዎች ናቸው፤ ሽታው የሚስበው ዓሣ ካለ አልቃወምም፣ መድኃኒት ነው የሚለውን ግን አልቀበልም።

እኔ ራሴ አንድ ጊዜ ቸኩዬ ተጎድቻለሁ። አንድ የቢራቢሮ ዓሣ እንክብል ለሁለት ቀን ሲጎርስ አይቼ ሕያውን መኖ አቋረጥኩበት፤ ሳምንት ሳይሞላ ሆዱ ገባ። ለካ የሚጎርሰውን ሁሉ ከድንጋይ ኋላ ሄዶ ይተፋ ነበር። ከዚያ ወዲህ የማየው አፉን ሳይሆን፣ ከተመገበ በኋላ ሆዱ መሙላቱን ነው። የሚከሳ ከሆነ ሳይዘገዩ ወደ ቀደመው ደረጃ መመለስ ያስፈልጋል።

ሳይበላ የቀረውን በ20 ደቂቃ ውስጥ በቱቦ መሳብ ግዴታ ነው፤ በትንሽ ገንዳ የበሰበሰ መኖ አሞኒያ የተባለውን መርዛማ ቆሻሻ በፍጥነት ከፍ ያደርጋል፣ አሞኒያ ደግሞ የነበረውን የምግብ ፍላጎት ይዘጋል። ለማላመድ አንዳንዱ ቀናት፣ አንዳንዱ ሳምንታት ይወስዳል። የኮራል ፖሊፕ (ኮራልን የሚሠሩትን ትናንሽ ለስላሳ እንስሳት) ብቻ የሚበሉ፣ እንደ ኬቶዶን ትራይፋሺያሊስ ያሉ የቢራቢሮ ዓሣ ዝርያዎች ግን በዚህ መንገድ እምብዛም ስለማይለመዱ ባይገዙ ይሻላል።

ዓሣው እንክብሉን ለሁለት ሳምንት ያህል አዘውትሮ ከበላ ወደ ዋናው ገንዳ ሊዛወር ይችላል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት በዚያው ፒፔትና በዚያው ሰዓት ይመገብ፤ ሌሎቹን ዓሦች ደግሞ ቀድሞ በሌላው ጥግ መመገብ ሽሚያውን ይቀንሳል።