የቤት ቅባት በአዳማ ፀሐይ፦ ችግርና መፍትሄ

ቤት ውስጥ ለሚሠራ 100 ግራም የቆዳ ቅባት መነሻው 20 ግራም የንብ ሰም፣ 30 ግራም የሺያ ቅቤ (ከሺያ ዛፍ ፍሬ የሚወጣ ስብ) እና 50 ግራም የሰሊጥ ዘይት ነው። በሚዛን ይመዘን፤ በማንኪያ የተለካ ሰም አንዴ ይበዛል፣ አንዴ ያንሳል። ዕቃው በፈላ ውሃ ላይ ተቀምጦ ይቅለጥ እንጂ በቀጥታ እሳት ላይ አይጣድ።

ቅባቱን ተቀብቶም ፊት ተቃጠለ፣ ማድያት ባሰ

ከሁሉም የሚያሳስበው ይህ ነው። የኮኮናት፣ የካሮትም ሆነ የሰሊጥ ዘይት ቆዳ ያለሰልሳል፤ ጨረር የመከላከል አቅሙ ግን እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ዚንክ ኦክሳይድ (ጨረር የሚከላከል ነጭ ዱቄት) ጨምሮ ማማሰልም አያዋጣም። ዱቄቱ እየጓጎለ አንዱን ቦታ ይሸፍናል፣ ሌላውን ባዶ ይተዋል፤ ፊት ነጭ ስለሆነ ብቻ የተጠበቀ ይመስላል። ምን ያህል እንደሚከላከል በቤት ውስጥ የሚለካበት መንገድም የለም።

አዳማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,600 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ናት፤ በየ1,000 ሜትሩ ቆዳ የሚያቃጥለው የፀሐይ ጨረር (አልትራቫዮሌት) በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ ማብቂያ ደግሞ ፀሐይ ቀትር ላይ አናት ላይ ትቆማለች። የከተማዋ ነፋስ ቆዳን ስለሚያቀዘቅዝ ሰው መቃጠሉን የሚያውቀው ቤቱ ከገባ በኋላ ነው።

መፍትሄው ኤስፒኤፍ (SPF፣ የመከላከል አቅም መለኪያ) 30 ወይም ከዚያ በላይ የተጻፈበት፣ ጊዜው ያላለፈ ሰንስክሪን፣ ማለትም በፋብሪካ የተሠራ የፀሐይ መከላከያ ቅባት ነው። ለፊትና ለአንገት አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል ከመውጣት 15 ደቂቃ በፊት ይቀባል፤ በየ2 ሰዓቱና ካላበ በኋላ ይደገማል። ከረፋዱ 4 እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ሰፊ ባርኔጣ ወይም ጃንጥላ ይጨመርበት። ስስ ነጠላ ብርሃን ስለሚያሳልፍ ተደርቦ ይከናነብ። የቤቱ ቅባት ቦታው ማታ፣ ቆዳው ከታጠበ በኋላ ነው። አልቢኒዝም (ቆዳና ፀጉር በተፈጥሮ ቀለም የሚያጣበት ሁኔታ) ያለበት ሰው በተለይ በቤት ቅባት ተማምኖ ፀሐይ ላይ መውጣት የለበትም።

በተቀቡ በቀን በሁለት ቀኑ መቅላት፣ ውሃ መቋጠር፣ ከዚያ ቡናማ መስመር

ሎሚ ወይም ጤና አዳም ገብቶበት ሊሆን ይችላል። ሁለቱም ከፀሐይ ጋር ሲገናኙ ቆዳ የሚያቃጥል ንጥረ ነገር አላቸው። ጤና አዳም ለቡና የምንወደው ቅጠል ስለሆነ ማንም አይጠረጥረውም። ቦታው ወዲያው በውሃና በሳሙና ይታጠብ፣ ለተወሰኑ ቀናት ከፀሐይ ይሸፈን፤ ውሃ ከቋጠረ ሳይፈርጥ ወደ ጤና ተቋም። ቅባቱ ይጣላል። ቡናማው ምልክት ለወራት ሊቆይ ስለሚችል በማሸት ለማስለቀቅ አይሞከር።

ቦርሳ ውስጥ ቀለጠ

የኮኮናት ዘይት በ24 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል፤ በአዳማ ቀን ላይ ውሃ ነው። የጋምቤላ ሺያም ከምዕራብ አፍሪካው ይለሰልሳል። የንብ ሰም ግን እስከ 62 ዲግሪ ገደማ ይጸናል። እንደገና አቅልጦ ለ100 ግራም 5 ግራም ሰም መጨመር፤ ከማፍሰስ በፊት በቀዘቀዘ ማንኪያ ጠብታ ወስዶ በጣት መሞከር። ከጠነከረ ዘይት በጥቂቱ ይጨመር።

አሸዋማ ሆነ

ሺያው ቀስ ብሎ ሲቀዘቅዝ ጠጣሩ ክፍል ለብቻው ይረጋል። ቆዳ አይጎዳም። ሙሉ በሙሉ አቅልጦ፣ ዕቃውን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አስቀምጦ እስኪወፍር ማማሰል፣ ከዚያ ወደ ፍሪጅ።

ሻገተ ወይም ሽታው ተለወጠ

እሬት ከገባበት ውሃ ገብቶበታል፤ ያለ መጠበቂያ ኬሚካል ፍሪጅ ውስጥም ብዙ አይቆይም። ሻጋታውን ከላይ ጠርጎ መጠቀም አይቻልም፣ ሁሉም ይጣል። እሬቱን ለብቻው፣ ከቅጠሉ ቢጫ ፈሳሹ ተንጠፍጥፎ ከወጣ በኋላ፣ በዕለቱ መቀባት ይሻላል። ውሃ የሌለው ቅባት የቆየ ዘይት ከሸተተ ዘይቱ አርጅቷል፤ ሲሠራ አዲስ ዘይት፣ ደረቅ ማሰሮ፣ ጠባብ አፍ ያለው ብልቃጥ። እርጥብ ጣት አይግባበት።